ይቅር በል ከማለት በፊት

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ይቅርታ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የተበደለ ሰው ቄሱ ወይም ፓስተሩ ጋ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ይቅር በል» መሆን አለበት እንዴ?

ደቡብ አፍሪካን እንይ። አባ ማይክል ላፕስሊ የሚባሉ የአንግሊካን ቄስ አሉ። አፓርታይድን፣ ማለትም የአገሪቱን የዘር መድልዎ ሥርዓት ስለተቃወሙ በ1990 እ.ኤ.አ. ዚምባብዌ፣ ሐራሬ እያሉ በሃይማኖት መጽሔቶች ውስጥ ተደብቆ በፖስታ የመጣ ቦምብ ሁለት እጃቸውንና አንድ ዓይናቸውን ወሰደባቸው። በኋላ ኬፕ ታውን ላይ የሰውን የቆሰለ ትዝታ ለማዳን የሚሠራ ተቋም መሠረቱ። ጥቁሩም ነጩም በትናንሽ ቡድን ይቀመጣል፣ ሕይወቱን ወረቀት ላይ ይስላል፣ ከዚያ ይናገራል፣ ሌላው ዝም ብሎ ያዳምጣል። በቃ። እሳቸው ራሳቸው ስለ ይቅርታ ሲጠየቁ ቦምቡን እኔ ላክሁት ብሎ የመጣ ሰው ስለሌለ ይቅር የሚሉት ሰው እንደሌለ ነው የሚናገሩት። ቄስ ሆነው!

ደግሞ አንርሳ፣ አፓርታይድን ለዓመታት ጥቅስ እየጠቀሰች ስትደግፍ የኖረችው እዚያው ያለችው የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ናት። በጥቅስ የተመታን ሰው ቶሎ ብለህ በሌላ ጥቅስ ላክመው ብትል እንዴት ያምንሃል? መጀመሪያ መካሪው ራሱ «አዎ፣ በድለንሃል» ማለት አለበት፣ እሱ ነው የሚከብደው።

በሚቀጥለው እትም አገልጋዮቻችን ማዳመጥን የት እንደሚማሩ ብትጽፉልን ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ