መሪ መምህር ማንን ይመራል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጎንደር ከተማ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የጀመርኩት በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የሚያስተምረው ፕላዝማው፣ ማለትም ክፍል ውስጥ የተሰቀለው የትምህርት ቴሌቪዥን ነበር። ለእኛ የሚተርፈን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው። መምህርነታችን ትዝ የሚለን መብራት ሲጠፋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደረጃዬ አድጓል። ጀማሪ መምህር፣ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር እያልኩ ዘንድሮ መሪ መምህር ተብያለሁ። ደብዳቤውን ቤት ይዤ ስገባ ባለቤቴ አነበበችውና፣ "ታዲያ ማንን ነው የምትመራው?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ደመወዜ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ተመስገን ነው። ሥራዬ ግን ያው ነው። ያው ጠመኔ፣ ያው የክፍለ ጊዜ ብዛት፣ ያው የእርማት ክምር።

አብረውኝ የጀመሩት ጎበዞች ከፍ ያሉት ከክፍል እየወጡ ነው። አንዱ ርዕሰ መምህር ሆነ፣ አንዷ ሱፐርቫይዘር። ሌላው ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ኮሌጅ ገባ። አንዱ ደግሞ ባጃጅ ገዝቶ ከአዘዞ ፒያሳ ይሠራል። ሲያገኘኝ "መሪ መምህር ግባ!" ይለኛል እየሳቀ፤ ሒሳብም አይቀበለኝም። አልፈርድባቸውም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ባለፈው ወር አንድ ጀማሪ መምህር ተማሪዎቹን ቤተ ሙከራ አስገብቶ የሽንኩርት ሴል ሊያሳያቸው ሞከረ። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ድቡልቡል ነገር በጥንቃቄ ስለዋል። ባየው የአየር አረፋ ነው! መሸፈኛውን መስታወት ከላይ ዱብ አድርጎት ነበር። ከአንድ ጎን አስነክቶ ቀስ ብሎ ማጋደም ነው፤ ስስ ልጣጭ፣ አንድ ጠብታ አዮዲን፣ በቃ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብንም። የልጁ ጥፋት አይደለም። አፕላይድ ባዮሎጂ ተማረ፣ ፒጂዲቲ የሚባለውን የመምህርነት ሥልጠና ወሰደ፣ ከዚያ ቀጥታ ክፍል ገባ። እኔም ያን ቀን እዚያ የተገኘሁት ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ ብቻ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ጉድ አለ። እንዲህ ያለው አረፋ ግን ቁጥር ውስጥ አይታይም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መሪ መምህር የተባለ ሰው በሳምንት አምስት ስድስት ክፍለ ጊዜ ይቀነስለትና ከጀማሪዎች ጋር ቤተ ሙከራ ይግባ። ክፍላቸው ገብቶ ይይ፣ እነሱም የእሱን ይዩ። ይህ በመመሪያ ይጻፍ፤ በርዕሰ መምህሩ ደግነት የሚገኝ ነገር አይሁን። በእርግጥ የሚቀነሰውን ክፍለ ጊዜ የሚይዝ ተጨማሪ መምህር ያስፈልጋል። ወጪ አለው፣ አውቃለሁ።

ያ ጀማሪ ልጅ ሰኞ ዕለት ሻይ ጋበዘኝ። ስለ አዮዲኑ ሊጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። "መምህር፣ ሱፐርቫይዘር ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል?" አለኝ።

አንድ የባዮሎጂ መምህር
ከጎንደር