ዳጋ ለመሻገር ጀልባ የምትከራዩ የሰሜን ሸዋ ጓደኛሞች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምቱ ሲወጣ ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲናና ከመንዝ ተሰባስበው ወደ ጣና የሚወርዱ ጓደኛሞችና የጽዋ ማኅበራት አሉ። ለእኛ አገር ሰው በጣና ሐይቅ ደሴት ላይ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የተለየ ቦታ ነው፤ ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዐፅም ያረፈው እዚያ ነው። የሚያሳስበን የዝግጅቱ ነገር ነው። የመኪናው ጎማ ሳይቀር ይመረመራል፤ ጀልባው ግን ባሕር ዳር ከተደረሰ በኋላ፣ ረፋድ ላይ፣ በዋጋው ርካሽነት ብቻ ይያዛል።

ከሁሉ በፊት ሰዓቱ። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል። ከቀትር በኋላ የብሱ ሲግል ንፋስ ይነሳል። ሐይቁ እጅግ ሰፊ ሆኖ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ስለማይበልጥ ሞገዱ አጭር፣ ቀጥ ያለና ፋታ የማይሰጥ ነው፤ ትንሽ ጀልባ የሚያናውጠውም ይኸው ነው። ከባሕር ዳር ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዳጋ ግን መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጠዋት በ3 ሰዓት የተነሳ ሰው በ6 ደርሶ፣ ተሳልሞ፣ በ8 ሲመለስ ንፋሱ መሐል ይገባል። ስለዚህ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መነሳት፣ ከደሴቱም ከቀትር በፊት መውጣት ግድ ነው። ይህ የሚሆነው ጀልባው በዋዜማው ከተያዘ ብቻ ነው።

ስለ ሞተሩ። ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተርም ከተጻፈበት ጉልበት ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል። 40 ፈረስ ጉልበት የተባለው የሚሠራው እንደ 33 ነው። ሰው ሞልቶ፣ ንፋስ ከፊት ሲገጥም ጉልበቱ የሚያንሰው ለዚህ ነው። ቤንዚኑን ጀሪካኑ ድረስ ሄዳችሁ እዩት፤ አንድ ሦስተኛው ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛው ለመመለሻ፣ የቀረው ለመጠባበቂያ መሆን አለበት። ሞተሩ ሲነሳ ከጎኑ ቀጭን ውሃ መትፋት አለበት፤ ካልተፋ ማቀዝቀዣው አይሠራምና አትነሱ። እምቦጭ ያለበት ቦታ ሥሩ የውሃ መሳቢያውን ይደፍናል፣ ፕሮፔለሩንም ይጠመጥማል። ያን ጊዜ ሞተሩን አጥፍቶ፣ አንስቶ፣ በእጅ ማጽዳት ነው እንጂ ጋዝ መጨመር አይገባም፤ ሞተሩን ያቃጥላል።

ላይፍ ጃኬት በሰው ልክ ይቆጠር፤ ሁሉም ጀልባው ከወደቡ ሳይለቅ ይልበሰው። ወንበር ሥር የተከመረ ጃኬት ጀልባው ሲገለበጥ አይደረስበትም። ዘለበቱን ቆልፋችሁ ከትከሻው ወደ ላይ ሳቡት፤ ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፊ ነው። ሕፃን በልጅ ልክ እንጂ በአዋቂ ጃኬት አይያዝም። ጋቢና በርኖስ ይዘን የምንሄድ ደገኞች ደግሞ ይህን እንስማ፦ ከጃኬቱ ላይ የተደረበ ጋቢ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ እጅና እግርም ይጠልፋል። ለጠዋቱ ብርድ ሹራብ ከጃኬቱ ሥር ይለበስ፣ ጋቢው ሻንጣ ውስጥ ይቆይ። አብዛኞቻችን ዋና አናውቅም፤ ለጃኬቱ ይህን ያህል የምንጨነቀውም ስለዚህ ነው።

ብዙ ጊዜ አደጋ የሚቀርበው ሲደረስ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲነሳ፣ ወይም ፎቶ ለማንሳት ወደ አንድ ጎን ሲሰበሰብ ጀልባው ያጋድላል። ገመዱ ሳይታሰር ማንም አይነሳ።

ዳጋና ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም። ሴቶች ያሉበት ቡድን በደቅ ደሴት ያለችውን፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን አስቀድሞ ከጀልባው ባለቤት ጋር ይነጋገርባት፤ ተጨማሪ ነዳጅና ሰዓት ትፈልጋለች። ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ፣ ነዳጅና መጠበቂያው ተካቷል ወይስ አልተካተተም፣ ይህ ሁሉ በጽሑፍ ይሁን። የገዳማቱ መግቢያ ለየብቻ ይከፈላል።

የወባውም ነገር አይረሳ። 2,800 ሜትር ላይ የምንኖር ሰዎች ለወባ እንግዳ ነን፤ አጎበር ይያዝ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከተሰማችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጣና እንደነበራችሁ ተናገሩ፤ ደም እንዲታይላችሁም ጠይቁ።

ዝግጅት ክፍሉ ይህን ደብዳቤ የጉዞ ማስታወቂያዎች በሚወጡበት ገጽ ላይ፣ ማኅበራቱ ገንዘብ መሰብሰብ ሳይጀምሩ እንዲያወጣልን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከደብረ ብርሃን