የአባቴ ጨጓራና የጉልበቱ ኪኒን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ጨጓራ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ በርበሬና ስለ ቡና በደንብ ተጽፏል። ስለ ሰገራ ቀለም ግን ምንም አልተባለም። ይህ ጉዳይ አባቴን ሊያሳጣኝ ስለነበር ዝም ማለት አልቻልኩም።

አባቴ ቡሬ አካባቢ የሚኖር የ65 ዓመት ገበሬ ነው። ጉልበቱን ያመዋል። ባለፈው ክረምት ከአረም ሲመለስ እንዲያስታግስለት ከከተማ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ኪኒን እየገዛ ጠዋትና ማታ ይውጥ ነበር። የሐኪም ወረቀት የጠየቀው የለም። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታን ጾመ፤ ኪኒኑንም በባዶ ሆዱ መውሰድ ጀመረ። ከእምብርቱ በላይ ያቃጥለዋል። እኛ “ጾሙ ነው” አልን። እናቴ ተልባ በጥብጣ ታጠጣዋለች። እሱ ደግሞ ሕመሙ ሲብስበት አንድ ኪኒን ይጨምራል። ያቆሰለውን መድኃኒት ለቁስሉ ይውጥ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ዞረበትና አጥር ተደግፎ ቀረ። ፊቱ አመድ መስሏል። ጤና ጣቢያ ስንወስደው ነርሷ መዳፉን አየች፤ የዓይኑን ቆብ ገልጣ አየች። ከዚያ “አባባ፣ ሰገራዎ ምን ይመስላል?” አለችው። እኛ ልጆቹ አፈርን። አባቴ አቀርቅሮ “ሳምንት ሆነው፤ እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው፤ ይጣበቃል፤ ሽታውም ሌላ ነው” አላት። ለካ ያጠቆረው ደም ነው፤ ሳምንት ሙሉ ውስጡ ሲደማ ኖሯል። ለማን ይናገር? በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይወራም።

ሆስፒታል 3 ከረጢት ደም ተሰጠው፤ ወንድሞቼም ደም ለገሱ። በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ በአፉ በኩል ሲታይ ጨጓራው ቆስሏል፤ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያም ተገኘበት። ለዚያ የ14 ቀን መድኃኒት ታዞለት ሳያቋርጥ ጨረሰ። ሐኪሙ እንዳስረዳን እነ ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ጨጓራን ከአሲድ የሚከላከልለትን ነገር ይቀንሱበታል። በመርፌ ቢወሰዱም ያው ነው፤ በደም በኩል ይደርሱበታል። እኔ መርፌው ጨጓራ አይነካም ብዬ አምን ነበር። ሰፈራችን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያስበው።

እርግጥ ምክንያቱ ሁልጊዜ ኪኒን አይደለም። ጣና ዳር የሚኖር ዘመዳችን ደም ያስታወከው ለዓመታት የቆየ ቢልሃርዚያ (ከሐይቅና ከወንዝ ውሃ የሚይዝ የትል በሽታ) ጉበቱን ጎድቶት፣ የምግብ ቧንቧው ላይ ያሉት የደም ሥሮች አብጠው ፈንድተው ነው። ለደም ማነስ አይረን የሚባለውን የብረት ኪኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሳይደማም ሰገራው ይጠቁራል። ቀይ ደም ከታየ ኪንታሮት ወይም አሜባ ሊሆን ይችላል፤ የአንጀት ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ሰው እየከሳ “ኪንታሮት ነው” ብሎ ሳይመረመር ሲቀመጥ በጣም ያስፈራኛል።

መድኃኒት ቤቶችን አንድ ነገር እለምናለሁ። ዳይክሎፌናክ ለሽማግሌ ስትሸጡ “ጨጓራ ያምዎታል? ሰገራዎ ጠቁሯል?” ብላችሁ ጠይቁ። እናንተም በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ሰገራን በስሙ ጥሩት።

አባቴ አሁን ለጉልበቱ ፓራሲታሞል ብቻ ነው የሚወስደው። ጠዋት ከጓሮ ሲመለስ እናቴ “ዛሬስ ምን መልክ አለው?” ትለዋለች። እሱም ይነግራታል።

አንድ መምህር፣ ከቡሬ፣ ጎጃም