የቅዳሜው ፊልም፦ አለን ሪክማን

ሰላም ቤተሰብ! የፊታችን ቅዳሜ የምናየው የእንግሊዛዊውን ተዋናይ የአለን ሪክማንን ሥራ ነው። በተለመደው ቦታችን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት። እባካችሁ አትዘግዩ።

የትኛውን እንይ? ዳይ ሃርድን ወይስ በሩሲያው ንጉሥ ቤተ መንግሥት ተሰሚ ስለነበረው ሰው የተሠራውን ራስፑቲንን? ድምፃችሁን እዚሁ ጻፉልኝ።

ብዙዎቻችን የምናውቀው በሃሪ ፖተር ፊልሞች ላይ ጥቁር ለብሶ፣ ቃላቱን እየጎተተ የሚናገረውን መምህር ስኔፕን ሆኖ ነው። እኔን ግን ከዚያ በፊት ያለው ሕይወቱ ይበልጥ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1946 ለንደን ተወለደ። ገና በ8 ዓመቱ አባቱ ሞተበት። ግራፊክ ዲዛይን ተምሮ፣ ከጓደኞቹ ጋር ስቱዲዮ ከፍቶ እየሠራ ሳለ ነው ሥራውን ትቶ በ26 ዓመቱ ትወና ለመማር ሮያል አካዳሚ ኦፍ ድራማቲክ አርት የገባው። ከዚያ በኋላም ዓመታት በመድረክና በቴሌቪዥን አለፉ። የመጀመሪያ የሲኒማ ፊልሙ ዳይ ሃርድ በ1988 ሲወጣ 42 ዓመቱ ነበር! ራስፑቲንን ሆኖ የተጫወተበት የ1996ቱ የቴሌቪዥን ፊልም ደግሞ ኤሚና ጎልደን ግሎብ አስገኝቶለታል። በጥር 2016 በ69 ዓመቱ በካንሰር አረፈ።

የእኔ ድምፅ ለራስፑቲን ነው፤ ብዙ ሰው ያላየው እሱን ስለሆነ።

ቡናው ከእኔ ነው። ቆሎና ፈንድሻ የምትይዙ ንገሩኝ። ስፒከር ያለው ሰው ቢያመጣልን ደስ ይለኛል፣ የዚህን ሰው ድምፅ በላፕቶፕ መስማት ያሳዝናል። ወንበር እንዳያንስ የምትመጡ ሁሉ እስከ ሐሙስ ማታ አሳውቁኝ።