«የማን ሰዓት?»

ሰላም የቲኦኬ (በአይቢ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ ባካሎሬት፣ የ«እውቀት ንድፈ ሐሳብ» ትምህርት) ልጆች፣

ለኤግዚቢሽኑ፣ ማለትም ስለ እውቀት የሚጠይቅ አንድ ጥያቄ በሦስት ዕቃዎች ለምትመልሱበት ሥራ፣ የላካችሁትን የዕቃ ዝርዝር አየሁት። አብዛኛው «ሰዓት»፣ «ስልክ»፣ «ካርታ» ብሎ ያበቃል። የማን ሰዓት? የት ያለ? ለምን እሱ?

አንዷ ግን «የአያቴ የእጅ ሰዓት» ብላ ፎቶ ልካለች። መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ማሰሪያው በጥቁር ክር ተሰፍቷል። አጭሩ ቆጣሪ 2 ላይ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው የልጅቷ ስልክ ደግሞ ጠዋት 8፡00 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው! «አሁን ያለን እውቀት በታሪካዊ እድገቱ እንዴት ተቀርጿል?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይመጣል? መሣሪያው ከውጭ የመጣ ነው፣ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ መቁጠሩ ግን የኛው። አያትየው ሰዓቱን የሞሉት እንደ ለመዱት ነው። ከኢንተርኔት የወረደ የሰዓት ሥዕል ይህን ሁሉ አይነግረንም።

ደንቡን ታውቁታላችሁ፣ ቢሆንም ልድገመው። አይቢ ካወጣቸው 35 ጥያቄዎች አንዱን ብቻ ምረጡ፤ ቃሉን እንዳትነኩት። ሦስቱም ዕቃዎች ለዚያው ጥያቄ ይዋሉ። ጽሑፉ ከ950 ቃል አይለፍ። ዲጂታል ነገርም ይሆናል። ለኤግዚቢሽኑ ተብሎ የተሠራ ግን አይሆንም፤ ትናንት ማታ ፖስተር የሠራኸው ልጅ፣ ይቅርታ።

ሌላው፣ ጀበናን አራት ሰው መርጦታል። በአንድ ክፍል ውስጥ ያው ዕቃ ሁለቴ አይፈቀድም። እዚሁ ተነጋገሩና ለአንዱ ልቀቁለት። የቀራችሁት ዓርብ ሌላ ዕቃ ይዛችሁ ኑ፣ ቢቻል ከነታሪኩ።