ስልክ እንዳትይዝ (ደብዳቤ ለልጄ)

ልጄ፣

ይህን የምጽፍልህ ከጥበቃ ቤቱ ሆኜ ነው። ፊት ለፊት ስናወራ እኔ እጮሃለሁ፣ አንተ ትዘጋለህ፣ እናትህ መሀል ገብታ ታለቅሳለች። ስለዚህ በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

የፊታችን ማክሰኞ 15 ዓመት ይሞላሃል። እናትህ ዳቦ ልትደፋልህ ዱቄቱን ገዝታለች። ቁመትህ እኔን ሊያልፈኝ ነው። ሳይህ ደስ ይለኛል። ግን ትናንት አንድ የማምነው ሰው አስቁሞኝ፣ ከብሎኩ ጀርባ ከዚያ ልጅ ጋር እንዳየህ ነገረኝ። እጅህ ላይ ስልክ ነበር አለኝ። ያንተ ስልክ ስክሪኑ ተሰብሮ ቤት መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ታዲያ የማን ነው?

የማንንም ስልክ እንዳትይዝ። "ለአንድ ደቂቃ ያዝልኝ" ቢሉህም እንዳትይዝ።

አምናም የተያዝከው እንዲሁ ነው። አልነጠቅክም፤ አምኜሃለሁ። የነጠቀው ሌላ ነው። ሮጦ መጥቶ አንተ ኪስ ከተተው። ለምን አንተ ኪስ? ልጅ ስለሆንክ ነዋ። "አንተን ምንም አያደርጉህም" ብለውሃል። ትልልቆቹ ሕጉን ካንተ በላይ ያውቁታል። የተሰረቀ ዕቃ እያወቁ ተቀብሎ መያዝ ራሱ ወንጀል መሆኑን ግን አልነገሩህም።

እኔ ልንገርህ። ከአራብሳ ታክሲ እየቀያየርን ልደታ ፍርድ ቤት የተመላለስን ጊዜ፣ የማኅበራዊ ሠራተኛዋን ጠይቄ ወረቀት ላይ የያዝኩት አለ። የወንጀል ሕጉ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ነው። ዕድሜው ከ9 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለውን አንቀጽ 53 ለብቻው ያየዋል። ይገሠጻል፣ ለቤተሰብ በአደራ ይሰጣል፣ ከባሰም ጠባይ ማረሚያ ይገባል። ባንተ ላይ የተወሰነውም ከነዚህ አንዱ ነው፤ እርምጃ ይባላል እንጂ ቅጣት አይደለም። 15 ካለፈ ግን አንቀጽ 56 ይመጣል። ልጁ እንደ ማንኛውም ሰው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል። 18 እስኪሞላው ዳኛው ዕድሜውን አይተው ሊያቀሉለት ይችላሉ፤ ያ ግን በእሳቸው እጅ ነው።

ማክሰኞ የምትሻገረው ይህንን ነው። ጀለሶችህ አሁንም "ልጅ ነህ፣ ያዝልን" ይሉሃል። ስልክ እንዳትይዝ።

ችሎት የቀረብን ቀን ዳኛዋ "አንተ ትንሽ ውጪ ቆይ" ያሉህን ታስታውሳለህ? ምን ተባለ ብለህ ጠይቀኸኝ አልነገርኩህም። ልጁ ባይሰማው የሚሻል ነገር ሲኖር እንዲወጣ ሕጉ ያዛል። ክፍሉም ዝግ ነበር፤ ተመልካች አይገባም። ዛሬ ልንገርህ። ዳኛዋ "ይህ ልጅ የት ነው የሚያመሸው?" አሉኝ። እኔ የማታ ጥበቃ መሆኔን፣ እናትህም ከሥራ ስትመለስ እንደሚመሽባት ነገርኳቸው። ከዚያ ከትምህርት ቤትህ የመጣውን ወረቀት አነበቡ። መምህርህ በሒሳብ ጎበዝ እንደሆንክ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን መቅረት እንዳበዛህ ጽፈዋል። ዳኛዋ ወረቀቱን አስቀምጠው "እንዲህ ያለ ልጅ ቤቱ ቢሆን ነው የሚሻለው። ግን የሚከታተለው ሰው አለ?" አሉ።

"እኔ አለሁ" አልኩ። ጠባዩን እከታተላለሁ፣ ትምህርቱን እንዲማር አደርጋለሁ ብዬ በጽሑፍ ፈረምኩ።

ለምን እንደፈጠንኩ ታውቃለህ? በአጎትህ ምክንያት ነው። በዓል ሲመጣ ለምን በር አጠገብ እንደሚቀመጥ ጠይቀኸኝ ነበር። አጎትህ 13 ዓመቱ ሳለ ከሰፈር ልጆች ጋር የመኪና ስፖኪዮ ነቅሎ ተያዘ። ያኔ እዚያው ልደታ ነበር ቤታችን። ፖሊስ "መጥተው ልጅዎን ይረከቡ" ብሎ አያትህን አስጠራቸው። አያትህ ኩሩ ሰው ነበሩ። "እኔ ሌባ አልወለድኩም" ብለው ቀሩ። እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። እኔም ትንሽ ልጅ ነኝ፣ ጠዋት ሊወጡ ሲሉ ኮታቸውን ይዤ ለመንኩ። አልሄዱም። የሚረከበው ጠፋና ጠባይ ማረሚያ ገባ።

እዚያ እንኳን አናጢነት ተምሯል። የከፋው ከወጣ በኋላ ነው። ሰፈር ውስጥ ድስት ቢጠፋ የኛ በር ይንኳኳል። አናጢ ቤት ሥራ ቢጠይቅ "መጋዙን ይዞ ይጠፋል" ብለው መለሱት። "ና ግባ" ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስፖኪዮ የሚገዛው ሰውዬ። 17 ዓመቱ ላይ ከርቸሌ ወህኒ ቤት ገባ፣ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ የቆመበት ቦታ ማለት ነው። የተኛው ከትልልቅ ሰዎች ጋር ነው። ሲወጣ ከእኔ ጋር እንኳን አያወራም ነበር። ሰው "አንዴ የለመደ እጅ አይተውም" ይላል። ወንድሜ ግን ትቶት ነበር። የሚቀበለው አጥቶ ነው የተመለሰው። አሁን ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ሰው ቤት ሲገባ በር አጠገብ የሚቀመጠው እጁን ሁሉም እንዲያየው ነው።

አባቴ ያን ቀን ሄደው ቢሆን ኖሮ እላለሁ። እስከ ዛሬ እላለሁ።

ወደ አንተ ልመለስ። የልደት ምስክር ወረቀትህን ኮፒ አስነሣና ቦርሳህ ውስጥ አድርገው። ዋናውን ወደ ቁም ሳጥኑ መልስ። አምና ጣቢያ ያደርክ ዕለት "ይሄማ ትልቅ ነው" ብለው ከአዋቂዎች ጋር ያሳደሩህ፣ ዕድሜህን የሚያሳይ ነገር በእጅህ ስላልነበረ ነው። በማረሚያ ተቋም ያሉ ልጆች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ያዛል። ያ ጣቢያ ግን ለልጅ የሚሆን ክፍል እንኳን አልነበረውም። ያን ሌሊት አጥሩ ሥር ቆሜ ነው ያነጋሁት። ፖሊስ ካስቆመህ አትሩጥ፣ አትሳደብ። ዕድሜህን በትክክል ተናገር፤ ጎረምሳ ለመምሰል ብለህ እንዳትጨምር። "አባቴን ጥሩልኝ" በል። ስልክ ቁጥሬን በቃልህ ያዝ።

ሐሙስ ውሃ ይመጣል ተብሏል። ሁለቱንም በርሜል ሙላ። እናትህ የደም ግፊት ክኒኗን መዋጧን ጠይቃት፤ እኔ ስጠይቃት ትዋሸኛለች።

ኪስህ ውስጥ ወይም ፍራሽህ ሥር የሰው ስልክ ካለ፣ ነገ ጠዋት ለእኔ ስጠኝ። አልመታህም፣ አልጮህብህም። አብረን ሄደን እናስረክባለን፤ የሚጠይቁን ነገር ካለ ከጎንህ ቆሜ እመልሳለሁ። አንድ ሰዓት ላይ እገባለሁ። ትምህርት ቤት ከመሄድህ በፊት ጠብቀኝ።

አባትህ