«አንብቤ ልመለስ»፦ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የክበባችን የመጀመሪያ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አንድ ውሳኔ ብቻ ይዟል፦ በየዕረፍት ሰዓቱ ሁለት ሁለት ሆነን ለጓደኞቻችን ስለ እምነታችን እንነግራለን። ውሳኔው ያለፈው በሙሉ ድምፅ ነው። የክበቡ ተጠሪ መምህር የሆንኩት እኔ ብቻ ልቤ አልተቀበለውም ነበር። ቢሆንም ቅንዓታቸውን ማብረድ አልፈለግሁምና ዝም አልኩ። ነገሩ ራሱ ያስተምራቸዋል ብዬም ነበር።

ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ከአባላቱ ሁሉ ተናጋሪ የነበረው ልጅ አንገቱን ደፍቶ መጣ። የሒሳብ ፈተና ላስጨነቀው የክፍል ጓደኛው «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚለውን ጥቅስ ይነግረዋል። ጓደኛውም ቀበል አድርጎ «ታዲያ አንተ ባለፈው ፈተና ለምን ወደቅህ?» ይለዋል። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱ ግን አልሳቀም። የፊልጵስዩስን መልእክት ምዕራፍ 4 ገልጠን ከቁጥር 13 ሁለት ቁጥር ወደ ኋላ ተመለስን። ጳውሎስ መጥገብንም መራብንም፣ መብዛትንም መጉደልንም እንደተማረ ይናገራል። መልእክቱን የጻፈውም ታስሮ ሳለ ነው። ሲሞላም ሲጎድልም እጸናለሁ ማለቱ እንጂ የያዝኩት ሁሉ ይሳካልኛል ማለቱ አይደለም። ልጁ ጥቂት አሰበና «እንዲህ ብዬው ቢሆን ይሰማኝ ነበር» አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ የዕረፍት ሰዓቱን ዕቅድ ትተን ንባብ ጀመርን። አንድ ትልቅ ደብተር ገዝተን በሦስት ዓምድ ከፈልነው፤ ማን ተናገረ፣ ለማን ተናገረ፣ ከዚያ በፊት ምን ተባለ። ሦስቱን ያልሞላ ጥቅስ አይጠቅስም። የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት በሙሉ ወሰደብን። ሁለት አባላት «ይህማ ተጨማሪ የቤት ሥራ ነው» ብለው ወደ ስፖርት ክበብ ሄዱ። አልፈርድባቸውም።

ከደብተሩ ገጾች የማልረሳው የኤርምያስ 29 ነው። «ፍጻሜና ተስፋ» የሚለውን ቁጥር 11 በቃሉ የማያውቅ አባል አልነበረም። ቃሉ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በተላከ ደብዳቤ ውስጥ መሆኑን ግን ማንም አላስተዋለም። ከእሱ በፊት ያለው ቁጥር ደግሞ ወደ አገራቸው የሚመለሱት 70 ዓመት ሲፈጸም ነው ይላል። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጣቷን በቁጥሩ ላይ እንዳሳረፈች «ደብዳቤው ሲነበብ የሰሙት ሽማግሌዎች መመለሱን አላዩም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ያንን ጥቅስ ለስንት ተመራቂ በፖስት ካርድ ላይ እንደጻፍኩ አስታወስኩ።

ይህችው ተማሪ እኔንም አርማኛለች። ስለ ልደት ሳስረዳ «ሦስቱ ሰብአ ሰገል» አልኩ። «መምህር፣ ማቴዎስ ሦስት ሰዎች ነበሩ ይላል?» አለች። አይልም፤ ሦስት የተባሉት ስጦታዎቹ ናቸው፦ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ። በትውፊት የተቀበልነውን አንንቅም፤ ነገር ግን «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ብሎ የሚናገር ሰው የተጻፈውን ካልተጻፈው መለየት አለበት።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የሐዋርያት ሥራን አነበብን። ምዕራፍ 8 ላይ ብዙ ቆየን። ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ሲያገኘው ሰውዬው ትንቢተ ኢሳይያስን እያነበበ ነበር። ገጹን የመረጠው ፊልጶስ አይደለም፤ ጠያቂው ነው። ፊልጶስ ከዚያው ከተገለጠው ቦታ ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ነገረው። አምስት የሚወዳቸውን ጥቅሶች ብቻ ሸምድዶ የወጣ ሰው በዚያ ሠረገላ ላይ ምን ይል ነበር?

ከአባላቱ አንዱ ግን በዚህ አልተስማማም። «የሰማርያዋ ሴት ምን አጥንታ ነው ከተማውን ወደ ኢየሱስ የጠራችው?» አለ። አከታትሎም በዮሐንስ 9 ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ጠቀሰ፤ ዕውር እንደ ነበረና አሁን እንደሚያይ ይህን አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ ያለውን። ክርክሩ ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ልጁም እውነት ነበረው። በራስ ላይ የደረሰውን ለመመስከር ትምህርት አያስፈልግም። የመጽሐፉን ቃል ለመተርጎም ሲነሱ ግን ሌላ ነገር ነው። አጵሎስ እንኳ፣ መጻሕፍትን ጠንቅቆ የሚያውቀው፣ ጵርስቅላና አቂላ መንገዱን ይበልጥ በትክክል ሲያስረዱት ቁጭ ብሎ ሰምቷል።

የሮሜን መልእክት ለመጨረስ አቅደን ምዕራፍ 9 ላይ ቀርተናል። ይህንንም ሪፖርት ማድረግ ግዴታዬ ነው።

በመጨረሻው ወር ላልጠየቀ ሰው ላለመስበክ ተስማማን፤ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 መልስ ስጡ የሚለው ለሚጠይቁ ነው፣ ያውም በየዋህነት። ጠያቂም አልጠፋም። አንድ ተማሪ «የዮሴፍ አባት ማቴዎስ ላይ ያዕቆብ፣ ሉቃስ ላይ ኤሊ የሆነው ለምንድን ነው?» ሲል ያ ተናጋሪ ልጃችንን ያዘው። ልጁም «አላውቅም፤ አንብቤ ልመለስ» አለ። በሳምንቱ ሁለቱን የትውልድ ሐረጎች ጎን ለጎን ጽፎ፣ የተሰጡትን ማብራሪያዎችም ጨምሮ ተመለሰ። ጠያቂው ሙሉ በሙሉ አልረካም፤ ሆኖም ራሱ አንብቦ ለማየት ደብተሩን ተዋሰ። የዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ደብተሩ አሁንም እሱ ዘንድ ነበር።